ብዙ መቍረጥ ብዙ ማዳን ነውን? የጡት ነቀርሳ ቀዶ ሕክምና የተጓዘበት መንገድ



አንድ ማታ በምግብ አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ ከሌላ ፋኩልቲ የሆነ ጓደኛችን አንድ ጥያቄ አቀረበልን። እናቱ በጡታቸው ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ካገኙ ወራት ሆኗቸዋል። ነገር ግን «ሐኪም ቤት ከሄድሁ ይቈርጡኛል፤ ከቈረጡኝም በኋላ መሞቴ አይቀርም» ብለው ከቤት አልወጡም። ጓደኛችንም «እናንተ የሕክምና ተማሪዎች ናችሁና እስቲ ንገሩኝ፤ በእውነት መቍረጥ ግድ ነውን? ከተቈረጠስ የሚቈረጠው ምን ያህል ነው?» አለን።

በዚያው ማታ በሁለትና በሦስት ቃል መልስ ለመስጠት ሞከርን፤ ሆኖም መልሳችን እኛንም እርሱንም አላረካንም። «ምን ያህል ይቈረጥ?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ታላላቅ ሐኪሞችን ያከራከረ ነውና። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። ጽሑፉ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ የሕግም፣ የኢኮኖሚክስም፣ የሥነ ጽሑፍም ተማሪ ቢያነበው አንድ ትምህርት ያገኝበታል ብለን እናምናለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

1. ስለ ቃላቱ ጥቂት

«ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ይነገራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል በተሕዋስያን የሚመጣውን ቲቢን ማለታችን ነው። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰርን ማለታችን ነው፤ ይኸውም የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ጥሰው ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር በሽታ ነው። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታው የሴቶች ብቻ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ ከመቶ አንድ የማይሞላ ቢሆንም ወንዶችንም ይይዛል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ቃል «ንፍፊት» ነው። በብብታችን ውስጥ እንደ አተር ፍሬ ያሉ ትናንሽ ንፍፊቶች አሉ። ከጡት የሚወጣው ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ አብዛኛው በእነርሱ በኩል ተጣርቶ ያልፋል። የካንሰር ሕዋሳትም ከጡት ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በእነዚሁ ንፍፊቶች ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ክርክር ሁሉ «ከጡቱ፣ ከደረቱ ጡንቻና ከብብቱ ንፍፊት የቱ ይውጣ፣ የቱ ይቅር?» የሚል ነው።

2. ማደንዘዣ ሳይኖር

በ1811 ዓ.ም. መስከረም 30 ቀን ፋኒ በርኒ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በፓሪስ ከተማ በገዛ ቤቷ ውስጥ ጡቷ ተቈረጠ። ቀዶ ጥገናውን የመሩት የናፖሊዮን ሠራዊት ዝነኛ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ ነበሩ። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም። በርኒ ለእኅቷ በጻፈችው ደብዳቤ ፊቷን በሸፈኑበት ስስ ጨርቅ ውስጥ የቢላዋውን ብልጭታ እንዳየችና ስቃዩ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ጮኸች ተርካለች። ከዚያም በኋላ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ኖራለች።

ይህን ያነሣነው ለማስደንገጥ አይደለም። በዚያ ዘመን ቀዶ ጥገናው አጭር የሆነው ከእውቀት የተነሣ ሳይሆን ሰው ከዚያ በላይ ሊታገሥ ስለማይችል እንደ ነበረ ለማስረዳት ነው። በ1846 ዓ.ም. ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በቦስተን ከተማ በይፋ ታየ። በ1867 ዓ.ም. ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር ቍስል እንዳያመረቅዝ በመድኃኒት የማጽዳትን ዘዴ አሳተመ። እንግዲህ ሕመምተኛዋ ተኝታለች፤ ቍስሉም ንጹሕ ነው፤ ሐኪሙ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ የፈለገውን ያህል ሊቈርጥ ይችላል። «ምን ያህል ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ «ምን ያህል ይገባል?» የሚለው ተተካ።

3. ሐልስቴድና የሥሩ ሐሳብ

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የጸና መልስ የሰጡት በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ሐልስቴድ ናቸው። እኒህ ሰው በቀዶ ሕክምና ክፍል የላስቲክ ጓንት እንዲለመድ ያደረጉ ጥንቁቅ ሐኪም ነበሩ።

ሐሳባቸው ይህ ነበር። ካንሰር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሥርዓት ደረጃ በደረጃ ይስፋፋል፤ መጀመሪያ በጡቱ ውስጥ፣ ቀጥሎ በጡንቻው ሽፋንና በንፍፊቶቹ፣ በመጨረሻም በቀረው አካል። ይህ ከሆነ ዘንድ ገበሬ አረምን ከነሥሩ እንደሚነቅል ሐኪሙም ጡቱን፣ የደረቱን ጡንቻና የብብቱን ንፍፊቶች ሁሉ በአንድነት ሳይቈራርጥ ማውጣት አለበት። በ1894 ዓ.ም. በዚህ አኳኋን ያከሟቸውን የ50 ሴቶች ታሪክ አሳተሙ። በሽታው በተቈረጠበት ቦታ ተመልሶ የታየባቸው ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን የታወቁ የአውሮፓ ሐኪሞች ከመቶ ከ50 በላይ ይመለስባቸው ነበርና ይህ ውጤት እንደ ተአምር ተቈጠረ። በዚያው ዓመት ዊሊ ሜየር የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም ተመሳሳይ ዘዴ አወጡ።

ለሐልስቴድ ፍትሕ መስጠት ይገባል። ወደ እርሳቸው የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ በሽታው የገፋባቸው፣ አንዳንዶቹም ቆዳቸው የቈሰለ ነበሩ። ለእነዚህ ሴቶች በደረት ላይ የሚመለስን ቍስል ማስቀረት ትልቅ ምሕረት ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ዘዴው ለገፋው ሲሆን ለትንሹም፣ ለዛሬው ሲሆን ለዘላለሙም ሕግ ሆኖ ቀረ። ሴቲቱ ከሞት ብትተርፍ እንኳ ደረቷ ጐድጕዶ፣ ክንዷ አብጦና ደክሞ ትኖር ነበር። ከዚህም አልፈው በ1950ዎቹ አንዳንድ ሐኪሞች ከደረት አጥንት በስተ ጀርባ ያሉትን ንፍፊቶች ጭምር እስከ ማውጣት ደረሱ። ሕመምተኛዋ ስትሞት «ሐሳቡ ተሳስቷል» አይባልም ነበር፤ «የተቈረጠው አንሷል» ይባል ነበር እንጂ።

4. የተጠራጠሩት

«ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። ጥርጣሬው በመጀመሪያ የተሰማው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ነው። በለንደን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የነበሩት ጂኦፍሪ ኬንስ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የሚያውቋቸው የጆን ሜይናርድ ኬንስ ወንድም ናቸው። እርሳቸው ጡቱን ሳይቈርጡ የራዲየም መርፌዎችን በውስጡ እየተከሉ ማከም ጀመሩ፤ ውጤታቸውንም በ1937 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1948 ዓ.ም. የኤዲንብራው ሮበርት ማክዊርተር ጡቱን ብቻ አውጥቶ ብብቱን በጨረር ማከም እንደሚበቃ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት የለንደኑ ዴቪድ ፔቲ ትልቁን የደረት ጡንቻ ሳይነኩ ጡቱንና ንፍፊቶቹን የማውጣትን ዘዴ አቀረቡ። ይህ ሦስተኛው ዘዴ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል።

ታዲያ ክርክሩ ለምን በቶሎ አልተቈረጠም? ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ሕመምተኞች ቈጥሮ ያቀርባል፤ ነገር ግን የአንዱ ሕመምተኞች ከሌላው ጋር አይመሳሰሉም። በሽታቸው ገና የሆነውን መርጦ የሚያክም ሐኪም ዘዴው ምንም ቢሆን ውጤቱ ያምራል። እንዲህ ያለው ንጽጽር አንዱን ሯጭ በዳገት ሌላውን በቍልቍለት አስሩጦ ማን ይፈጥናል እንደ ማለት ነው።

5. ዕጣ የፈረደው ክርክር

መፍትሔው የተገኘው ከቢላዋ ሳይሆን ከስታቲስቲክስ ነው። ሕመምተኞቹ ፈቃዳቸውን ከሰጡ በኋላ በዕጣ በሁለት ወይም በሦስት ወገን ይከፈላሉ። ዕጣው አያዳላምና ወገኖቹ በዕድሜም በበሽታው ደረጃም ይመጣጠናሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የውጤት ልዩነት ከሕክምናው የመጣ ነው ለማለት ይቻላል። ይህ ዘዴ በሕክምና ዘንድ በሰፊው የታወቀው በ1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የስትሬፕቶማይሲን መድኃኒት በ107 የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ በተፈተነ ጊዜ ነበር። ከአንደኛው ነቀርሳ የተገኘው ትምህርት ለሁለተኛው ነቀርሳ ጠቀመ ማለት ነው።

በአሜሪካ የፒትስበርጉ ሐኪም በርናርድ ፊሸር ይህንኑ ዘዴ ይዘው ተነሡ። ፊሸር ካንሰር በደረጃ ብቻ አይጓዝም፤ ገና ትንሽ ሳለ በደም በኩል ወደ ሌላ አካል ሊበተን ይችላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ይህ እውነት ከሆነ ደረቱን ምንም ያህል ቢቈርጡት የተበተነውን አይመልሰውም። ከ1971 እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ 1,665 ሴቶች በጥናታቸው ገቡ። ለአንዳንዶቹ የሐልስቴድ ቀዶ ጥገና ተደረገ፤ ለሌሎቹ ጡቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር ተጨመረ፤ ንፍፊታቸው ሲዳሰስ ደኅና ለሆነው ለሦስተኛው ወገን ደግሞ ጡቱ ብቻ ወጥቶ ንፍፊቱ ሳይነካ ቀረ።

ከ25 ዓመት ክትትል በኋላ በ2002 ዓ.ም. የታተመው ውጤት በወገኖቹ መካከል በሕይወት መቈየት ረገድ ጕልህ ልዩነት እንደሌለ አስረዳ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። ንፍፊታቸው ሲዳሰስ ደኅና መስሎ በሐልስቴድ ዘዴ ከታከሙት ሴቶች ከመቶ ወደ 40 በሚሆኑት ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል። በዕጣ የተከፈሉ ስለሆነ ብብታቸው ያልተነካውም ሴቶች ያንኑ ያህል ነበራቸው ማለት ነው። ሆኖም ከእነዚህ ውስጥ በሽታው በብብት ጐልቶ የወጣባቸው ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ንፍፊቱ እንግዲህ የበሽታውን ሁኔታ የሚናገር ምስክር እንጂ ሐልስቴድ እንዳሰቡት የበሽታው በር ብቻ አልነበረም።

6. ጡቱን ማዳን

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ ጡቱን ራሱን ማስቀረት ይቻላልን? በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ከ1973 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ እብጠታቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ 701 ሴቶችን በዕጣ ከፈሉ። ግማሾቹ በሐልስቴድ ዘዴ ታከሙ፤ ለግማሾቹ የጡቱ ሩብ ያህልና የብብቱ ንፍፊት ወጥቶ የቀረው ጡት በጨረር ታከመ። ፊሸርም ከ1976 እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ እብጠታቸው እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሆኑትን ሴቶች በሦስት ወገን ከፈሉ፤ ጡቱ ሁሉ የወጣላቸው፣ እብጠቱ ብቻ የወጣላቸው፣ እብጠቱ ወጥቶ ጨረር የተጨመረላቸው። የ1,851 ሴቶች ውጤት ተመዘነ።

ሁለቱም ጥናቶች የ20 ዓመት ውጤታቸውን በ2002 ዓ.ም. አሳተሙ። በሁለቱም ጡታቸው የዳነላቸው ሴቶች ጡታቸው ሁሉ ከወጣላቸው እኩል ኖረዋል። ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በፊሸር ጥናት እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር ካልተጨመረላቸው ሴቶች ከመቶ 39.2 በሚሆኑት በሽታው በዚያው ጡት ተመልሷል፤ ጨረር ለተጨመረላቸው ግን ከመቶ 14.3 ብቻ ነው። ስለዚህ ጡትን ማዳን ማለት «ትንሽ ቈርጦ መተው» ማለት አይደለም። ቢላዋ የተወውን ጨረር መያዝ አለበት።

ይህ ጥናት አንድ ነውር ገጥሞት ነበር። ከተባባሪዎቹ አንዱ የሆኑ የሞንትሪያል ሐኪም የአንዳንድ ሕመምተኞችን መዝገብ አዛብተው መጻፋቸው በ1994 ዓ.ም. በይፋ ታወቀ። ብዙ ሴቶች «እንግዲህ በሐሰት ታክመናል» ብለው ተጨነቁ። የእኒያ ሐኪም ሕመምተኞች ሁሉ ከሒሳቡ ወጥተው ጥናቱ እንደ ገና ተመዘነ፤ ውጤቱም አልተለወጠም። ከዚህ የምንማረው እውቀት የሚጸናው በአዋቂዎች ክብር ሳይሆን እንደ ገና በመመርመር መሆኑን ነው።

7. ሴቶቹም ተናገሩ

ለውጡን ያመጡት ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ በአሜሪካ የነበረው ልማድ ይህ ነበር። ሴቲቱ እብጠቱ እንዲመረመር ተብላ ትተኛለች፤ ካንሰር መሆኑ በዚያው ጊዜ ከታወቀ ሳትነቃ ጡቷ ሁሉ ይወጣል። ስትነቃ ደረቷን በእጇ ዳስሳ ትረዳዋለች። ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ በ1974 ዓ.ም. በሽታው በያዛት ጊዜ ይህን እምቢ አለች፤ ምርመራውና ቀዶ ጥገናው በየራሱ ቀን እንዲሆን ፈለገች፤ ከዚያም ለሌሎች ሴቶች ተከራከረች። በ1979 ዓ.ም. የአሜሪካ የጤና ተቋም ያሰባሰባቸው ሊቃውንት ምርመራው ከቀዶ ጥገናው እንዲለይ ሲስማሙ እርሷም በጉባኤው ነበረች። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ተቋም የተጠራ ጉባኤ በሽታቸው ገና ለሆነ አብዛኞቹ ሴቶች ጡትን የሚያድነው ሕክምና ተገቢና ተመራጭ ነው አለ።

8. የብብቱ ነገር

ብብትን ሁሉ መክፈት ብዙ ጊዜ ክንድን ለዘለቄታው ያሳብጣል። በ1990ዎቹ አዲስ ዘዴ ተገኘ። ሰማያዊ ቀለም ወይም ጥቂት ጨረር ያለበት ፈሳሽ በጡቱ ውስጥ ይወጋል፤ ፈሳሹ መጀመሪያ የደረሰበት ንፍፊት እንደ ዘበኛ ተቈጥሮ እርሱ ብቻ ወጥቶ ይመረመራል። ዘበኛው ንጹሕ ከሆነ የቀሩት አይነኩም። በኋላም 891 ሴቶች የገቡበት ጥናት የ10 ዓመት ውጤቱን በ2017 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ እብጠታቸው መካከለኛና ከዚያ በታች ሆኖ በአንድ ወይም በሁለት ዘበኛ ንፍፊት ካንሰር የተገኘባቸው፣ ጡታቸውም ድኖ በጨረር የታከሙት ሴቶች፣ ብብታቸው ሁሉ ባይወጣም ከወጣላቸው ባላነሰ ሁኔታ እንደኖሩ አሳየ።

እንግዲህ በሽታው በደም ከተበተነ ማን ይከተለዋል? መድኃኒት ነው። በ1976 ዓ.ም. የሚላኖው ጃኒ ቦናዶና ከቀዶ ጥገና በኋላ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት የበሽታውን መመለስ እንደሚቀንስ አሳተሙ። ታሞክሲፌንም ሆርሞን ለሚያሳድገው ዓይነት ትልቅ ረዳት ሆነ። ቢላዋው ሊያንስ የቻለው ሌሎች ሥራውን ስለ ተካፈሉት ነው።

9. መንገዱ ቀጥተኛ አይደለም

ከዚህ ሁሉ በኋላ መቍረጥ እያነሰ ብቻ ሄደ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት ካንሰሩ በአንድ ጡታቸው ብቻ ሳለ ሁለቱንም ያስወጡ ሴቶች በ1998 ዓ.ም. ከመቶ 2 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ግን ከመቶ 12.3 ደረሱ። ይህንኑ የመረመረው ጥናት ሁለቱንም ማስወጣት ጡትን ከማዳንና ከጨረር የበለጠ ዕድሜ እንደሚጨምር አላገኘም። በዘር የሚተላለፍ የታወቀ ጕድለት ላለባቸው ሴቶች ነገሩ ሌላ ነው፤ ለብዙዎቹ ግን የሚቈርጠው ፍርሃት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ምክንያት እናገኛለን። የጡት ነቀርሳ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ሁሉ የበዛው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ቢላዋ የተወውን ጨረር መያዝ አለበት ብለናል፤ ጨረሩ ከሩቅ ከሆነና ተራውም ከረዘመ ጡትን ማዳን አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ በአገራችን የፔቲ ዓይነት ቀዶ ጥገና መብዛቱ ከሐኪሞቻችን አለማወቅ የመጣ አይደለም። የሚቈረጠውን መጠን የሚወስነው በሽታው የተገኘበት ጊዜና በአቅራቢያ ያለው መሣሪያ ነው። በተጨማሪም እብጠቱ በጡቱ ውስጥ በብዙ ቦታ ከሆነ፣ ወይም ከጡቱ ስፋት ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ከሆነ፣ በየትም አገር ቢሆን ጡቱን ሁሉ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

10. ለጓደኛችን የምንሰጠው መልስ

አሁን ጓደኛችን ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ለእናቱ ሊነግራቸው የሚችለውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፤ በጡት ላይ የሚገኝ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ይህ የሚታወቀው ግን ተመርምሮ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ካንሰር ሆኖ ቢገኝም በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምናው ይጠቅማል። ብዙ መቍረጥ ብዙ ማዳን አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ በጊዜ መድረስ ግን ብዙ ያድናል። መቈረጥን ፈርተው ቤት ሲቀመጡ የሚቈረጠውን የሚያበዛው ያው መቀመጥ ነው።

ሦስተኛ፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። በሽታው ምን ደረጃ ላይ ነው? ጡቱን ማዳን ይቻላልን? የጨረር ሕክምና የትና መቼ አገኛለሁ? ከቀዶ ጥገናው በፊት ወይም በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት አለን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ልጃቸው በወረቀት ጽፎ ይዞላቸው ይሂድ።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። ሐልስቴድ ሰነፍ ወይም ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ ከዘመናቸው የላቁ መምህር ነበሩ። ሐሳባቸው ከሰባ ዓመት በላይ ሳይፈተን የኖረውም መምህሩ ታላቅ ስለ ነበሩ ነው። ነገ በየሥራችን ስንሰማራ «መምህራችን እንዲህ ብለዋል» የሚለውን በአክብሮት ተቀብለን «እውነት ነውን? እንዴትስ ይፈተናል?» ብለን ካልጠየቅን፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛም ይህን ያነበበ ጓደኛ ሁሉ በዚህ ዕረፍት ለእናቱ፣ ለእኅቱና ለአክስቱ ሳያፍር እንዲነግራቸው አደራ እንላለን።